ኮምፒዩተርን ሳይጎዱ መብራትን ስለ መቈጠብ

(በሬዲዮ የተሰማው ይህ ንግግር ለአንባቢዎች እንዲዳረስ እንደሚከተለው ታትሟል።)

ዛሬ የማቀርብላችሁ ንግግር መነሻው በእናትና በልጅ መካከል የተነሣ አንድ ክርክር ነው። ክርክሩ የተነሣው ቀድሞ ናዝሬት ትባል በነበረችው በአዳማ ከተማ ውስጥ ነው፤ ነገር ግን በሞጆም ሆነ በመቂ፥ በባቱም ሆነ በሻሸመኔ፥ ኮምፒዩተር በገባበት ቤት ሁሉ ይኸው ክርክር ሳይሰማ አይቀርም። ስለዚህ የአንድ ቤት ጉዳይ ነው ብላችሁ ሳትንቁ እንድትከታተሉኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እናትየዋ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ቤታቸውን የሚያስተዳድሩ ናቸው። ዕቁብ በደረሳቸው ጊዜ ገንዘቡን ለሌላ ጉዳይ ሳያውሉት፥ የሒሳብ አያያዝ ለሚማረው ልጃቸው ያገለገለ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ገዙለት። ልጁም ትምህርቱን ያጠናበታል፤ ከዚያም አልፎ የሰው ጽሑፍ እየተየበ ለቤቱ ጥቂት ገንዘብ ያስገባበታል። ይሁን እንጂ ኮምፒዩተሩን ቀንም ሆነ ሌሊት አያጠፋውም ነበር።

እናቱም «ልጄ፥ አንተ ተኝተህ ይህ ዕቃ ሌሊቱን ሙሉ የማንን ሥራ ይሠራል? ቆጣሪው ሲቆጥር አያድርም ወይ?» ይሉታል። እሱም «እማዬ፥ ኮምፒዩተርን የሚያበላሸው ማጥፋትና ማብራቱ ነው። ሳይጠፋ ቢሠራ ዕድሜው ይረዝማል» እያለ ይመልስላቸዋል።

ከዕለታት አንድ ቀን ሌሊት ልጁ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲጽፍ አምሽቶ እንቅልፍ ወሰደው። እናቱ ለጋገራ ሲነሡ ማሽኑ እየጮኸ አዩትና ስፒናውን ከግድግዳው ነቀሉት። ሲነጋም ልጁ ያላስቀመጠው ጽሑፍ ጠፍቶ፥ ያስቀመጠውም አልከፈት ብሎ አገኘው። ልጁ አዘነ፤ ዕቁባቸውን ለልጃቸው ያዋሉት እናት ግን ከእሱ ይልቅ አዘኑ። እኔም ለጥየቃ በሄድሁ ጊዜ «እስቲ አንተ ፍረድ፤ ጥፋቱ የማን ነው?» አሉኝ። ልጁም «ጋሼ፥ እውነቱን ንገራት» አለ።

የሰጠሁትም ፍርድ ይህ ነው፤ እናትም ልጅም እያንዳንዳቸው ግማሽ እውነት ይዘዋል። እናት «ሥራ የሌለው ማሽን ይጥፋ» ማለታቸው እውነት ነው፤ ስፒናውን በድንገት መንቀላቸው ግን ስሕተት ነው። ልጁ «ማሽኑ እንዳይጎዳ» ብሎ መጠንቀቁ መልካም ነው፤ ጉዳቱ ከየት እንደሚመጣ አለማወቁ ግን ስሕተት ነው። በአገራችን፥ ይልቁንም በስምጥ ሸለቆ ከተሞች፥ ኮምፒዩተርን የሚያስረጀው በሥርዓት ማጥፋትና ማብራት አይደለም። የሚያስረጁት ሙቀት፥ አቧራና ወጣ ገባ የሚል የኤሌክትሪክ ኃይል ናቸው። ስለዚህም የመብራት ሒሳብን የሚቀንሰው ልማድና የማሽኑን ዕድሜ የሚያረዝመው ልማድ በአብዛኛው አንድና ያው ነው። የንግግሬም ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

አስቀድመን ስለ ኃይሉ እንነጋገር። አዳማና አካባቢዋ ከኤሌክትሪክ ጋር የቆየ ዝምድና አላቸው። በአዋሽ ወንዝ ላይ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፥ 43 ሜጋዋት ያህል ኃይል እንዲያመነጭ ሆኖ ነበር። ከእሱም በታች በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት እያንዳንዳቸው በ32 ሜጋዋት ተተከሉ። ይኸው አንድ የአዋሽ ውሃ በሦስት ደረጃ ወርዶ ሦስት ጊዜ ይሠራል ማለት ነው። በኋላም ነፋሱ ተጨመረ፤ በ2004 ዓ.ም. 34 ተርባይኖች ያሉት የአዳማ አንድ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 51 ሜጋዋት፥ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 102 ተርባይኖች ያሉት አዳማ ሁለት 153 ሜጋዋት እንዲያመነጩ ሆነው ሥራ ጀመሩ። ወደ ደቡብም ስንወርድ፥ በባቱና በላንጋኖ መካከል በአሉቶ፥ ከምድር ሆድ የሚወጣው እንፋሎት ኃይል ሊሆን እንደሚችል በሙከራ ጣቢያ ታይቷል።

ምናልባት «ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ከተመረቀ በኋላ ስለ አንድ ኮምፒዩተር ማውራት ምን ይጠቅማል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ኃይል በምንጩ ላይ ስለ በዛ ብቻ በየሰፈሩ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር አይሰፋም፤ ሽቦውም አይወፍርም። ማታ ማታ ምጣዱም፥ ምድጃውም፥ ማቀዝቀዣውም፥ ቴሌቪዥኑም በአንድነት ሲከፈቱ ኃይሉ ይደክማል፤ አምፖሉም ይደበዝዛል። ስለዚህ በማታ ሰዓት አንድ ሰው ያለ ሥራ የከፈተውን ዕቃ ቢያጠፋ ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለጎረቤቱም ይተርፋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደ ተባለው፥ ቁጠባም በሰፈር ሲሆን ይቀላል።

አሁን ደግሞ ሒሳቡን እንመልከት። ቆጣሪ የሚቆጥረው በኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ይኸውም አንድ ሺህ ዋት የሚወስድ ዕቃ አንድ ሰዓት ሲሠራ ማለት ነው። የእንጀራ ምጣድ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ዋት ያህል ይወስዳል። የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ከነመስታወቱ እንደ ዓይነቱ ቢለያይም በአማካይ አንድ መቶ ዋት እንበል። ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያማ ከምጣዱ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው» ይላል። ነገር ግን ምጣዱ ጋገራው ሲያልቅ ይጠፋል፤ ኮምፒዩተሩ ግን አይጠፋም። ልጁ በቀን የሚሠራበት አምስት ሰዓት ነው። የቀረው አሥራ ዘጠኝ ሰዓት በመቶ ዋት ሲባዛ በቀን 1.9፥ በወር 57 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ይህም ያ ምጣድ ከአሥራ ስድስት ሰዓት በላይ የሚጋገርበት ኃይል ነው! ለአንዲት እንጀራ ሻጭ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። እናትየዋ ስሌቱን በነገርኋቸው ጊዜ ጥቂት ዝም ብለው «እንግዲያ የስንት ቀን ጋገራዬን ሲበላ ከርሟል!» አሉ።

ሌላም ነገር አለ። ለመኖሪያ ቤት የተወሰነው ታሪፍ ባለ እርከን ነው፤ ዝቅተኛው ዋጋ የሚሠራው በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ሲሆን፥ ፍጆታው እየጨመረ በሄደ መጠን የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ ይላል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያም ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተደርጓል። እንግዲህ በከንቱ የሚባክነው 57 ኪሎዋት ሰዓት ብቻውን የመጀመሪያውን እርከን አልፎ የሚሄድ መሆኑን ልብ ይሏል።

ወደ ልጁ ክርክር እንመለስ። «ማጥፋትና ማብራት ያበላሻል» የሚለው አባባል ከየት መጣ? ከባዶ የተነሣ አይደለም። በጥንቱ ጊዜ ኮምፒዩተር የሚሠራው እንደ አምፖል በሚግሉ የመስታወት ቱቦዎች ነበር፤ እነዚህም ሲበሩና ሲጠፉ ይቃጠሉ ነበር። ዛሬም ቢሆን ዕቃ ሲሞቅ ይለጠጣል፥ ሲበርድም ይኮማተራል። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክም ከቆመበት ሲነሣ ጥቂት ይደክማል። ይሁን እንጂ ልኩን ማወቅ ይገባል። ብዙው ሃርድ ዲስክ ሲሠራ ሃምሳ ሺህ ጊዜ ያህል ተነሥቶ እንዲቆም ታስቦ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ብናጠፋውና ብናበራው እንኳ ይህን ቍጥር ለመጨረስ ከአርባ ዓመት በላይ ይፈጃል! አርባ ዓመት የሚቈይ ኮምፒዩተር ያለው ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ደግሞ የሚሽከረከር አካል ስለሌለው ከነጭራሹ ይህ ሥጋት የለበትም።

በአንጻሩ ሳይጠፋ ሲሠራ የሚውልና የሚያድር ማሽን ሌት ተቀን ይሞቃል፤ ማራገቢያው ሌት ተቀን ይሽከረከራል፤ ከአየሩም ጋር አቧራውን ሌት ተቀን ይስባል። በውስጡ ካሉት ክፍሎች ካፓሲተር የሚባሉት ትናንሽ በርሜል መሳዮች በተለይ ሙቀትን አይችሉም። ባለሞያዎች በግምት እንደሚያስቀምጡት፥ ሙቀታቸው በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ዕድሜያቸው በእጥፍ ይረዝማል፤ በ10 ዲግሪ ሲጨምርም በግማሽ ያጥራል። ታዲያ በደጋ አገር የሚሠራው ማሽንና በመተሐራ ሐሩር የሚሠራው ማሽን እኩል ያረጃሉን?

አቧራውንም የአዳማ ሰው ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። በበጋ ያ ተርባይኖቹን የሚያሽከረክረው ነፋስ ራሱ አቧራውን እያነሣ በበርና በመስኮት ያስገባዋል። በቆቃ ግድብ ደለል ተጠራቅሞ የውሃውን ቦታ እንደሚይዝ፥ አቧራም በኮምፒዩተሩ ማራገቢያ ላይ ተጠራቅሞ የአየሩን መንገድ ይዘጋል። ማራገቢያው አየር ባጣ ቍጥር በኃይል ይሽከረከራል፤ በኃይል ሲሽከረከርም መብራት ይጨምራል፥ ራሱም ቶሎ ያልቃል። አቧራን ማጽዳት መብራትንም ማሽንንም መቈጠብ ነው የምለው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የሚከተለውን ሥርዓት ብትይዙ ይበቃል።

በመጀመሪያ፥ ለጥቂት ደቂቃ ቡና ለመጠጣት ከተነሣችሁ መስታወቱ ብቻ ይጥፋ። በኮምፒዩተሩ ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ መስታወቱ ከአምስት ወይም ከአሥር ደቂቃ በኋላ በራሱ እንዲጠፋ ማዘዝ ትችላላችሁ። በመስታወቱ ላይ ዓሣና አበባ እየተንሳፈፈ እንዲታይ ማድረግ ግን መብራት አይቈጥብም፤ ያ የቀድሞዎቹ ወፍራም መስታወቶች ምስል ተቃጥሎ እንዳይቀርባቸው የተፈጠረ ዘዴ ነበር። የመስታወቱን ብርሃንም ከመጠን በላይ አታድምቁት፤ ለዓይንም ለኃይልም ይጠቅማል።

ሁለተኛ፥ ግማሽ ሰዓትም ሆነ ሁለት ሰዓት ዘወር የምትሉ ከሆነ ማሽኑን አስተኙት። ሲተኛ የጀመራችሁትን ሥራ በትዝታው ይዞ የሚወስደው ጥቂት ዋት ብቻ ነው። ነገር ግን ተኝቶ ሳለ መብራት ቢጠፋ ትዝታው ስለሚጠፋ፥ ከማስተኛታችሁ በፊት ሥራችሁን አስቀምጡ። ከዚህ ሌላ፥ ትዝታውን በዲስክ ላይ ጽፎ ፈጽሞ የሚጠፋበት መንገድም አለ፤ ኃይል በሚቋረጥበት ሰፈር ይኸኛው ይሻላል። ሃርድ ዲስኩ በየሁለት ደቂቃው እንዲቆም ማዘዝ ግን አይገባም፤ ቁጠባው ኢምንት ሆኖ ድካሙ ይበዛበታል።

ሦስተኛ፥ ማታ ስትተኙ ማሽኑን በራሱ ማጥፊያ አጥፉት። ፈጽሞ ጸጥ እስኪል ጠብቁና ስታቢላይዘሩን ወይም ማከፋፈያውን ዝጉ፤ ስፒናውንም ንቀሉ። ቅደም ተከተሉን አደራ! እናትየዋ የሳቱት ሥራውን ሳይሆን ተራውን ነበር። ማሽኑ በመጻፍ ላይ ሳለ ኃይሉ ሲቆረጥበት፥ ብዕሩን እንደ ተነጠቀ ጸሐፊ ጅምሩ ይበላሽበታልና።

አራተኛ፥ መብራት በድንገት ሲጠፋ ስፒናውን ወዲያውኑ ንቀሉ። ኃይሉ ሲመለስ የሰፈሩ ምጣድና ማቀዝቀዣ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚነሣ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ዕቃ የሚያቃጥለውም በዚህ ጊዜ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዳይሆንባችሁ፥ አምፖሉ ሳይርገበገብ አሥር ደቂቃ ያህል መብራቱን አይታችሁ ማሽኑን ክፈቱ። በክረምት መብረቅ ሲበዛም ስፒናውን ብቻ ሳይሆን የኢንተርኔቱንም ገመድ ንቀሉ።

አምስተኛ፥ ስታቢላይዘር ኃይሉን ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ አይተካም። የሚተካው ዩፒኤስ የሚባለው ባለ ባትሪ ሣጥን ነው። ይህም ቢሆን የተሠራው ጥቂት ደቂቃ አግኝታችሁ ሥራችሁን እንድታስቀምጡና ማሽኑን በሥርዓት እንድታጠፉ ነው፤ የኳስ ጨዋታ እስከ መጨረሻው እንድታዩበት አይደለም። ባትሪውን እስኪደርቅ ድረስ የሚጠቀምበት ሰው ቶሎ አዲስ ባትሪ ይገዛል። የሌዘር ማተሚያም በእሱ ላይ አይሰካ፤ ሲሞቅ ብዙ ኃይል ይስባልና።

ስድስተኛ፥ ማሽኑን ከወለል ከፍ፥ ከግድግዳውም አንድ ስንዝር ራቅ አድርጋችሁ፥ ፀሐይ በማይመታበት ስፍራ አስቀምጡት። ዕቃን በዳንቴል መሸፈን መልካም ባህላችን ነው፤ ነገር ግን ዳንቴሉ የሚለብሰው ማሽኑ ጠፍቶ ከበረደ በኋላ ይሁን። እየሠራ ሳለ መሸፈን በሐሩር ቀን ለሰው ጋቢ ደርቦ እንደ ማልበስ ይቆጠራል። ላፕቶፕ ያላችሁም በፍራሽና በብርድ ልብስ ላይ አታስቀምጡት፤ የአየር ማስገቢያው ከሥሩ ስለ ሆነ ይታፈናል። ላፕቶፕ ከጠረጴዛ ኮምፒዩተር በብዙ ያነሰ መብራት ይወስዳል፤ ሙቀትና ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ መቀመጥ ግን ባትሪውን ያስረጁታል።

ሰባተኛ፥ በበጋ በየሁለትና በየሦስት ወሩ፥ ማሽኑን ነቅላችሁና አቀዝቅዛችሁ፥ በደረቅና በለስላሳ የቀለም ብሩሽ አቧራውን ጥረጉ። ማራገቢያው ሲነፋ በከንቱ እንዳይሽከረከር በጣት ያዙት። ኃይል የሚያስገባውን የብረት ሣጥን ግን ራሳችሁ አትክፈቱት፤ ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ኃይል በውስጡ ሊቀር ይችላል። የማሽኑን አካል ስትነኩ የሚነዝር ከሆነም፥ ቤታችሁ ከመሬት ጋር የተያያዘ መስመር እንዳለው በኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስመርምሩ።

ይህ ምክር ለመኖሪያ ቤት ብቻ አይደለም። በየከተማው ያሉ የጽሕፈትና የኢንተርኔት ቤቶች፥ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶችም ይመለከታቸዋል። አሥር ኮምፒዩተሮች እያንዳንዳቸው ስልሳ ዋት እየወሰዱ ከሥራ በኋላ አሥራ አራት ሰዓት ቢያድሩ፥ በአንድ ሌሊት 8.4 ኪሎዋት ሰዓት ይባክናል። የመጨረሻው ወጪ በርን ከመቆለፉ በፊት አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ቢያይ ይህ ሁሉ ይድናል። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፥ በትምህርት ቤት ያለች አንዲት ማሽን ከሥራ ውጪ መሆን ለስንት ተማሪ ጉዳት እንደ ሆነ መገመት ቀላል ነው።

ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፤ ቁጠባ ንፉግነት አይደለም። ንፉግ የሚባለው ለሚያስፈልገው ነገር የሚሰስት ነው፤ ቈጣቢ ግን የማያስፈልገውን ትቶ ለሚያስፈልገው የሚያተርፍ ነው። ኃይሉ የሚመጣው ከወንዛችንና ከነፋሳችን ነው፤ ማሽኑ ግን በውጭ ምንዛሪ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። በመቂ ያለ አንድ ቤተሰብ ኮምፒዩተሩ ሲቃጠልበት ሌላ ለመግዛት የስንት ወር ገቢ እንደሚያስፈልገው ራሱ ያውቀዋል።

ያን እናትና ልጅ ስሰናበታቸው ተስማምተው ነበር። ልጁ ከጠፋው ጽሑፍ ግማሹን ለመምህሩ አስቀድሞ ከሰጠው ቅጂ አገኘ፤ የቀረውን እንደገና ጻፈ። ከዚያም ወዲህ ጽሑፉን በሁለት ቦታ ያስቀምጣል። በኮምፒዩተሩም አጠገብ በወረቀት ላይ «አስቀምጥ፤ አጥፋ፤ ጠብቅ፤ ንቀል» የሚል ጽሑፍ ለጥፏል። እናቱ ማንበብ ባይችሉም አራቱን ቃላት በቃላቸው ይዘዋቸዋል። ሌሊት ለጋገራ ሲነሡ ማሽኑ እየሠራ ቢያገኙት ስፒናውን አይነቅሉም፤ ልጁን ቀስቅሰው «ተነሥ፤ በተራው አጥፋው» ይሉታል።

እናንተም ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት እነዚህን አራት ቃላት አንድ ጊዜ እንድታስቡ አደራ እላለሁ።